ሉ ዊታከር ሆል ኦፍ ፌም መግባት ይገባዋል ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሚሺጋን ነው። ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ቦታው ሁለተኛ ቤዝ ነው። አሰልጣኙ ስለ ሉ ዊታከር አውርቶ አይጠግብም። ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር አዳራሽ) አለመግባቱ ግፍ ነው ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዊታከር የተጫወተበት የዲትሮይት ታይገርስ ደጋፊ ሆኖ ሳለ በዚህ አይስማማም። ‹ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ግን እዚያ ለመግባት ጎበዝ መሆን ብቻ አይበቃም። አንዴም ኤምቪፒ (የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) አልሆነም፤ ጋዜጠኞቹም በመጀመሪያው ዓመት ነው የጣሉት› ይለኛል። እኔ ጨዋታውን ገና እየለመድኩት ነው። ማንኛቸው ናቸው ልክ?»

አሰልጣኙ ልክ ናቸው። በእኔ እምነት ዊታከር ዛሬ ከአዳራሹ ውጭ ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ ጥፋቱ ጎልቶ የሚታይበት ሰው ነው። ባልደረባዎ የሚያነሱት ነገር ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። አንዱ ነጥባቸው እውነተኛ ክብደት አለው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አዳራሹ ትንሽ ልበል። ሆል ኦፍ ፌም የሚገኘው ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1936 ነበር፤ ሙዚየሙ የተከፈተው ደግሞ በ1939። አንድ ተጫዋች ለምርጫ ለመቅረብ ቢያንስ 10 ሲዝን መጫወት አለበት። ካቆመ በኋላ 5 ዓመት ይጠብቃል። ከዚያ ድምፅ የሚሰጡት ቢያንስ 10 ዓመት በማኅበራቸው አባል የሆኑ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። እያንዳንዱ ጋዜጠኛ እስከ 10 ስም መምረጥ ይችላል። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ሰው ግን ስሙ ከነአካቴው ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይቀርብም።

የዊታከር ጉዳይ የተበላሸው እዚህች የ5 በመቶ መስመር ላይ ነው።

በ2001 ምርጫ ድምፅ የሰጡት 515 ጋዜጠኞች ነበሩ። የዊታከርን ስም የመረጡት 15 ብቻ ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ 2.9 ይሆናል። 26 ሰው ቢመርጠው ኖሮ ለሚቀጥለው ዓመት ያልፍ ነበር። 11 ሰው ጎደለና የ19 ዓመት ሥራው በአንድ ቀን ተዘጋ። ክርክር አልተደረገበትም። ለምን ይገባዋል፣ ለምን አይገባውም ብሎ በወጉ የጻፈም ብዙ አልነበረም። ባልደረባዎ «በመጀመሪያው ዓመት ጣሉት» ሲሉ እንደ ፍርድ ነው የሚያዩት። ለእኔ ግን ፍርድ ማለት ማስረጃ ታይቶ የሚሰጥ ነገር ነው። ያን ዓመት የዊታከርን ማስረጃ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ለመሆኑ ማነው ዊታከር? በ1957 ብሩክሊን ተወለደ፤ ያደገው ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስቪል ነው። ዲትሮይት ታይገርስ በ1975 ከሃይስኩል መረጡት። በታችኛው ሊግ ሦስተኛ ቤዝ ይጫወት ነበር፤ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ያዛወሩት እነሱ ናቸው። በመስከረም 1977 ቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ላይ ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። በዚያው ጨዋታ ሌላ አንድ ልጅ አብሮት ጀመረ፤ ሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው) አለን ትራሜል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እስከ 1995 ድረስ 1,918 ጨዋታ ተጫወቱ። በአሜሪካን ሊግ ታሪክ አብረው እንዲህ ረጅም የቆዩ የሁለተኛ ቤዝና የሾርትስቶፕ ጥንዶች የሉም።

ዊታከር በ1978 የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከ1983 እስከ 1987 አምስት ጊዜ በተከታታይ ለኦል ስታር፣ ለዓመቱ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ። ሦስት ጎልድ ግላቭ፣ አራት ሲልቨር ስለገር አለው። የመጀመሪያው ለመከላከል፣ ሁለተኛው ለመምታት የሚሰጥ ሽልማት ነው። በ1984 ታይገርስ ከመጀመሪያዎቹ 40 ጨዋታዎች 35ቱን ሲያሸንፉና ኋላም ዋንጫውን ሲወስዱ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሲጠቃለል 2,369 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት) እና 244 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የላከበት) አለው።

የመምታት አማካዩ፣ ማለትም ለመምታት ከሞከረው ስንቱ ሂት እንደሆነ፣ .276 ነው። አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። .276 ደህና ነው፤ ግን ዓይን አይሞላም። በ2001 ድምፅ የሰጡት ጋዜጠኞች ያደጉት በዚህ ቁጥር ነው። ጋዜጣ ላይ ይወጣ የነበረው፣ ልጆች በቃላቸው የሚይዙት እሱ ነበር።

ችግሩ ይህ አማካይ ዎክን አይቆጥርም። ልጅዎ ያውቀዋል፤ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) አራት ጊዜ ከመምቻው ክልል ውጭ ከወረወረ መቺው ሳይመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። መጥፎ ኳስ ለይቶ መተው ትልቅ ችሎታ ነው። ኳሱ ከፒቸሩ እጅ ወጥቶ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ነው የሚደርሰው። ዊታከር በዘመኑ 1,197 ዎክ አገኘ። ስትራይክ አውት የሆነው 1,099 ጊዜ ነው። በነጻ ያለፈበት ጊዜ ስቶ ከወጣበት ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ከ200 በላይ ሆም ራን ሲኖረው ደግሞ ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ሌላው ቁጥር ነው። መቺው ሜዳ በገባ ቁጥር ከስንቱ ስንት ጊዜ ቤዝ ደረሰ? የዊታከር .363 ነው። አሁን ከጎኑ ሌሎችን እናስቀምጥ። በ1980ዎቹ ከሱ ጋር ሲወዳደር የኖረው የቺካጎ ከብስ ሁለተኛ ቤዝ ራይን ሳንድበርግ .344 ነው። ሳንድበርግ በመምታት አማካይ ይበልጠዋል፤ .285 ለ.276። ቤዝ በመድረስ ግን ዊታከር ይበልጣል። ሂታቸውም ያው ነው፤ 2,386 ለ2,369። ሳንድበርግ በ38 ሆም ራን ይቀድማል። እሱ ግን የሚጫወተው ለመቺ በሚመቸው ሪግሊ ፊልድ ነበር። ስታዲየሙንና ዘመኑን አስተካክሎ የሚለካው መለኪያ ዊታከርን 117፣ ሳንድበርግን 114 ይሰጣል። አማካዩ ተጫዋች 100 ነው።

ሳንድበርግ በ2005 አዳራሹ ገባ። ይገባዋልም። ያን ያህል የሚቀራረቡ ሁለት ሰዎች አንዱ ክብር ውስጥ፣ ሌላው 15 ድምፅ ላይ መቅረታቸው ግን ለማንም ሊገባ አይችልም።

አሁን ወደ ትልቁ ማስረጃ እንምጣ። ዋር የሚባል መለኪያ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች ቢታመምና ከታችኛው ሊግ ማንም የሚገኝ ተተኪ ቢገባ፣ ቡድኑ ስንት ድል ያጣል? መምታቱ፣ ሩጫው፣ መከላከሉ፣ የተጫወተበት ቦታ ክብደት ሁሉ ወደ ሩጫ ነጥብ ይቀየርና ይደመራል። ወደ 10 የሚጠጋ ነጥብ አንድ ድል ነው ተብሎ ይታሰባል። መለኪያው ፍጹም አይደለም። በተለይ የድሮው መከላከል ሲለካ ግምት ይበዛዋል። ቢሆንም የ30 ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሰዎች አንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ከዚህ የተሻለ የለንም።

ቤዝቦል ሪፈረንስ በሚባለው ድረ ገጽ ስሌት ዊታከር ወደ 75 ድል አለው። ሳንድበርግ 68 ገደማ። በ2011 የገባው ሮቤርቶ አሎማር 67። ከ3,000 በላይ ሂት ኖሮት በ2015 የገባው ክሬግ ቢጂዮ 65 አካባቢ። እነዚህ ሦስቱ ሁለተኛ ቤዝ ናቸው፤ ሦስቱንም ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ናቸው ያስገቧቸው። ዊታከር ከሦስቱም ይበልጣል። ከሱ በላይ ያሉት እነ ሮጀርስ ሆርንስቢ፣ ኤዲ ኮሊንስ፣ ናፕ ላጆይ፣ ጆ ሞርጋን፣ የዲትሮይቱ ቻርሊ ጌሪንገር ናቸው። የእነሱ እኩያ ነው አልልም። ግን የአዳራሹ በር የሚለካው በሆርንስቢ አይደለም። በሆርንስቢ ቢለካማ ውስጥ የሚቀሩት አንድ እጅ ጣት አይሞሉም።

ሌላም ልጨምር፤ ይሄኛው ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ ነው። በዚያው በ2001 የአዳራሹ የአንጋፋዎች ኮሚቴ ቢል ማዜሮስኪን አስገባ። ማዜሮስኪም ሁለተኛ ቤዝ ነው። በመከላከል ከማንም የማያንስ፣ በ1960 በዎርልድ ሲሪስ (በዋንጫው ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ ያንኪስን በመጨረሻዋ ሆም ራን የጣለ ሰው ነው። አከብረዋለሁ። ግን ቤዝ የመድረስ ቁጥሩ .299 ነው፤ ሆም ራኑ 138፤ ዋሩ 36 ገደማ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቦታ የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ግማሹን የሠራው ገባ፣ እጥፉን የሠራው ተሰረዘ። ማዜሮስኪ ሁሉም የሚያስታውሳት አንዲት ቅጽበት አለችው። ዊታከር የለውም።

ዊታከር ዕቁቡን አንድ ሳምንት ሳያጓድል ለ19 ዓመት እንደከፈለ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አንስቶ አያመሰግነውም፤ ሁሉም የሚያወራው ዕጣ ስለወጣለት ነው። ሲደመር ግን ማን ስንት እንዳስገባ መዝገቡ ይናገራል። ዊታከር በ26 ዓመቱ .320 መታ። በ1989 28 ሆም ራን አስቆጠረ። በ1993፣ በ36 ዓመቱ፣ ቤዝ የመድረስ ቁጥሩ .412 ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ በ1995 እንኳ፣ በ38 ዓመቱ፣ .293 መቷል። አብዛኛው ሁለተኛ ቤዝ በ33 እና በ34 ዓመቱ ጉልበቱ ያልቃል። እሱ ግን ገና እየመታ ነው ያቆመው።

ስለ መከላከሉ ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ልጅዎ ቦታው ይህ ስለሆነ ይጠቅመዋል። ደብል ፕሌይን፣ በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ማስወጣትን፣ ያስቡ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለ። ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ትራሜል ትሄዳለች። ዊታከር ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይሮጣል፤ ፊቱ ወደ ትራሜል ነው። ሯጩ የሚመጣው እሱ ከማያየው ወገን ነው፤ ዓላማውም እግሩን ጠልፎ መጣል ነው። በዚያ ዘመን ይህ የተፈቀደ ነበር፤ ሕጉ የጠበቀው በ2016 ነው። ዊታከር ኳሷን በጓንቱ ይቀበላል፣ ቤዙን በእግሩ ይነካል፣ ወገቡን ያዞራል፣ ሯጩ እግሩ ሥር ሲንሸራተት ዘሎ ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውራል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይዘልም። የዊታከር ክንድ ለሁለተኛ ቤዝ ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ነበር፤ የድሮ ሦስተኛ ቤዝ መሆኑ ይታያል። ቪዲዮዎቹን ከልጅዎ ጋር ይዩዋቸው። ኳሷ ከጓንት ወደ እጅ ስትሻገር ላይታይዎ ይችላል፤ በዝግታ ማጫወት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ከ2,300 በሚበልጡ ጨዋታዎች ሠርቶታል፤ ጉልበቱም እስከ መጨረሻው አልከዳውም።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ነጥቦች።

ኤምቪፒ አልሆነም፤ እውነት ነው። ድምፅ በተሰጠበት ከፍተኛው ደረጃው በ1983 ስምንተኛ ነው። ግን አሎማርም አልሆነም፤ ቢጂዮም አልሆነም፤ ትራሜልም አልሆነም። ዴሪክ ጂተር 397 ጋዜጠኞች ድምፅ ሰጥተው አንድ ድምፅ ብቻ ጎድሎት ነው የገባው፤ እሱም የሲዝን ኤምቪፒ ሆኖ አያውቅም። ይህኛው ነጥብ ብዙ አያስኬድም።

ክብደት ያለው ሌላኛው ነው፤ ባልደረባዎ በዚህ ስም ባይጠሩትም «ጎበዝ ነበር፣ ግን...» የሚለው ቃላቸው ውስጥ አለ። ዊታከር ሊጉን ቁጭ ብድግ ያደረገበት ዓመት የለውም። ሳንድበርግ በ1984 ኤምቪፒ ሆነ፤ በ1990 ደግሞ 40 ሆም ራን መታ። ሁለተኛ ቤዝ ሆኖ ሊጉን በሆም ራን መራ። ዊታከር እንደዚህ ያለ ዓመት አላሳለፈም። የአንድን ተጫዋች ሰባት ምርጥ ዓመታት ብቻ ወስደን ብንደምር፣ ዊታከር አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁለተኛ ቤዞች አማካይ በታች ይሆናል። የሙሉ ዘመኑ ድምር ደግሞ ከአማካያቸው በላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለጥቂት ዓመት ከፍ ብሎ የወጣ ነው የሚበልጠው ወይስ ለረጅም ጊዜ ጥሩ ሆኖ የቆየ?

እኔ ሁለቱም በር አላቸው ባይ ነኝ። ከርቢ ፓኬት በዚያው በ2001 በመጀመሪያ ዕድሉ ገባ። በዓይን ሕመም ምክንያት 12 ዓመት ብቻ ነው የተጫወተው፤ ዋሩ 51 ገደማ ነው። ለከፍታው ሲባል ተከፈተለት፤ አልቃወምም። ቢጂዮ ደግሞ የገባው በብዛት ለርዝመቱ ነው። አዳራሹ ሁለቱንም ዓይነት ሲቀበል ኖሯል። ዊታከር ላይ ሲደርስ ብቻ «ከፍታ የለህም» ማለት አንድን ሕግ ለአንድ ሰው ብቻ ማውጣት ነው።

ሌላም የሚነሳ አለ። ዊታከር በግራ እጁ መቺ ነው፤ በዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ አሰልጣኙ ስፓርኪ አንደርሰን በግራ እጃቸው የሚወረውሩ ፒቸሮች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ያሳርፈው ነበር። በግራ እጅ ፒቸር ላይ ደካማ ነበር፤ መካድ አይቻልም። ግን ይህ ድክመት ቁጥሩ ውስጥ ተቆጥሯል። ያልተጫወተበት ቀን ምንም አልጨመረለትም። 75 የተባለው ያረፈባቸው ቀናት ምንም ሳይጨምሩለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለው ለምን 15 ድምፅ? አንዱን ምክንያት ብቻ መጥቀስ ልክ አይመስለኝም። ዘመኑ አልመቸውም። ማርክ ማግዋየር በ1998 70 ሆም ራን መታ። ለዚያ ዓይን 244 ሆም ራን ኢምንት ነበር። ዎክን ከቁም ነገር የሚቆጥር ጋዜጠኛ ገና አልበዛም፤ ዋርም በሰፊው አልታወቀም። ዊታከር ደግሞ ዝምተኛ ነበር። ለጋዜጠኞች ደስ የሚል ወሬ የሚያቀብል ሰው አልነበረም፤ የሚመርጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሥራው ከትራሜል ሥራ ጋር ተጣብቆ መኖሩም ጎዳው ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ስላዩ የእያንዳንዳቸው ክብደት ጠፋ። የያንኪሱ ዶን ማቲንግሊ በዚያው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ 145 ድምፅ አገኘ። ማቲንግሊ ለአራትና ለአምስት ዓመት አስደናቂ ነበር፤ ኋላ ግን ጀርባው ጣለው፤ የዘመኑ ድምር ከዊታከር በብዙ ያንሳል። ኒውዮርክ ስለተጫወተና ኤምቪፒ ስለነበረ ስሙ ሁሉም አፍ ላይ ነበር።

ሁለተኛ ቤዝ ራሱም የተረሳ ቦታ ነው። ቦቢ ግሪች 71 ገደማ ዋር፣ አራት ጎልድ ግላቭ ይዞ በ1992 ቀረበ። 2.6 በመቶ አገኘ፤ ተሰረዘ። የዊታከር ታሪክ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሌላ ሰው ላይ ተፈጽሟል ማለት ነው። ከዚያ ማንም አልተማረም።

የ5 በመቶው ሕግ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ያለፉትን ሰዎች መመልከት ይበቃል። ላሪ ዎከር በ2014 10.2 በመቶ ላይ ነበር፤ በ2020 ገባ። ስኮት ሮለን በ2018 በዚያው በ10.2 ጀመረ፤ በ2023 ገባ። እነዚህ ሰዎች በመሀል አንድ ኳስ አልመቱም። የጨመረው ንግግሩ ነው። ሰው ጻፈ፣ ተከራከረ፣ ወጣት ጋዜጠኞች ቁጥሩን አዩ፣ አሮጌዎቹም ሐሳባቸውን ቀየሩ። ዊታከር ያን ጊዜ አልተሰጠውም። እነዚያ 11 ድምፆች ተገኝተው ቢሆን ኖሮ እሱም እንደ ሮለን ቀስ እያለ ይወጣ እንደነበር አልጠራጠርም። በዚያ ጊዜ አንድ ስም ዝርዝሩ ላይ እስከ 15 ዓመት መቆየት ይችል ነበር።

ትራሜል 15ቱንም ዓመት ቆይቷል። ጋዜጠኞቹ አላስገቡትም፤ ከፍተኛው 40.9 በመቶ ነበር። ስሙ ግን አልሞተም። በታኅሣሥ 2017 ኮሚቴው መረጠው፤ በ2018 ኩፐርስታውን ላይ ንግግር አደረገ። በዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ዊታከር ተናገረ፤ አንድ ቀን እሱም እዚህ ይቆማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ አለ። የሁለቱ ሂት 2,365 እና 2,369 ነው። በአራት ሂት የሚበልጠው ውጭ ያለው ነው።

ኮሚቴ ያልኩት 16 ሰዎች ያሉት ቡድን ነው። ጋዜጠኞቹ ያለፏቸውን ሰዎች መልሶ ያያል፤ ለመግባት 12 ድምፅ ያስፈልጋል። ዊታከር በታኅሣሥ 2019 ቀርቦ 6 ድምፅ አገኘ። ሳይገባ ቀረ። ግን 15 ከ515 ያለ ሰው፣ በቅርበት ሲያዩት 6 ከ16 ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ታየ ማለት ነው። ከዚያ ይሻሻላል ብለን ስንጠብቅ በ2022 ስሙ ጭራሽ ዝርዝሩ ላይ አልወጣም። በ2025ም አልወጣም። በ2025 የተመረጠው ጄፍ ኬንት ነው፤ እሱም ሁለተኛ ቤዝ ነው። ኬንት ሁለተኛ ቤዝ ሆኖ ከማንም በላይ ሆም ራን የመታ፣ በ2000 ኤምቪፒ የሆነ ሰው ነው፤ መግባቱ አያስከፋኝም። ዋሩ ግን 55 ገደማ ነው፤ ቤዝ የመድረስ ቁጥሩ ከዊታከር ያንሳል፤ በመከላከልም ማንም ከዊታከር አያወዳድረውም። ለባልደረባዎ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡላቸው፦ ኬንትና ማዜሮስኪ ገብተው ዊታከር የሚቀርበት ሚዛን የትኛው ነው? መልስ ካላቸው ብሰማው ደስ ይለኛል።

ዲትሮይት ራሷ ጉዳዩን ጨርሳዋለች። ታይገርስ በነሐሴ 2022 የዊታከርን 1 ቁጥር ከአገልግሎት አገለሉ። ከእንግዲህ ያን ቁጥር ማንም አይለብሰውም። ልጅዎን ይዘው ኮሜሪካ ፓርክ ከሄዱ ስሙን ከነቁጥሩ ያዩታል፤ የትራሜል 3 ቁጥርም አለ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ደጋፊዎች ካገኙ ስለ ጩኸቱ ይጠይቋቸው። ዊታከር ሊመታ ሲወጣ ስታዲየሙ በሙሉ «ሉኡኡኡ» ይል ነበር። ለእንግዳ ሰው ተጫዋቹን እየተቃወሙት ይመስላል። ዋሽንግተን የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ለልጅዎ ይንገሩት። በ1985 ሚኒያፖሊስ በተደረገው ኦል ስታር ዊታከር መለያውን ረስቶ ሄደ። ስታዲየሙ ውስጥ ለደጋፊ ከሚሸጠው ማልያ አንድ ተገዛለት፤ ጀርባው ላይ 1 ቁጥር በማርከር ተጻፈበት፤ በእሱም ተጫወተ። ያን ማልያ ዋሽንግተን ያለው ሙዚየም ስሚዝሶንያን ጠይቆ ለብሔራዊ ክምችቱ ወስዶታል። በሚቀጥለው ዓመት ሂውስተን ላይ ደግሞ የራሱን መለያ ለብሶ ከድዋይት ጉደን ላይ ባለ ሁለት ነጥብ ሆም ራን መታ። ጉደን በዚያ ጊዜ በምድር ላይ ከሚያስፈሩት ፒቸሮች አንዱ ነበር።

ቀጣዩ ዕድል መቼ ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ኮሚቴው የዊታከርን ዘመን ተጫዋቾች የሚያየው በየሦስት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ታኅሣሥ 2028 ነው። ዊታከር ያኔ 71 ዓመቱ ይሆናል። ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ግን ሌላ ቡድን ስምንት ስም መርጦ ያቀርባል፤ በ2022ም በ2025ም የቀረው እዚያ ነው። የሚመርጡት 16 ሰዎች ፊት ከቀረበ 12 ድምፅ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። አስቸጋሪው ከስምንቱ አንዱ መሆኑ ነው፤ ማቲንግሊን የመሳሰሉ ስሞች ያን ቦታ ይሻሙታል። የአሰልጣኙ ዓይነት ሰዎች ድምፅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስሙ በተነሳና በተጻፈ ቁጥር ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች ማለፍ ይከብዳቸዋል።